ካሜራው ያላየው ፊደል

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ከአንዲት ወጣት ኤዲተር ጎን ተቀምጫለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሠርጉ እሑድ። ሙሽሮቹ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት በትልቁ ስክሪን የሚታይ የ40 ሰከንድ መክፈቻ ቀርቷታል። የልጅነት ፎቶዎች አየር ላይ የተንሳፈፉ ያህል ተደርድረዋል፤ ካሜራው በመካከላቸው እየሾለከ ወደ ፊት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሙሽሪት እናት በራሳቸው አንደበት የነገሯት ሁለት ቃል ይመጣል፦ «ልጄን ዳርኩ»።

ያስቸገራት ይኸው ጽሑፍ ነው። ፎቶዎቹ ሲቀርቡ፣ ሲያልፉ፣ ወደ ኋላ ሲቀሩ ጽሑፉ ከስክሪኑ መሀል ፍንክች አይልም።

«ጋሼ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ታገልኩት» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ካሜራውን አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩንም ሪስታርት አደረግኩት። ጽሑፉ ካሜራውን አያየውም።»

ቃል በቃል እውነቷን ነበር። መልሱን ራሷ ተናግራዋለች፤ ድካም ይዟት አልሰማችውም እንጂ።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የዜና ርዕስ፣ ከግርጌ የሚወጣ የእንግዳ ስምና ማዕረግ፣ የዘጋቢ ፊልም መክፈቻ፣ ሠርግ፣ ሙት ዓመት፣ ሁሉንም ሠርቻለሁ። ኤዲተሮች ሌሊት ደውለው የሚነግሩኝ ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ጽሑፉ አልታዘዝ አለኝ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉና ካሜራው የሚኖሩት በተለያየ ቤት ነው።

ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው አስቡ። መስታወቱ ላይ ስቲከር ተለጥፏል፤ መንገዱ ዳር ታፔላ ቆሟል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ታፔላው ከሩቅ ይመጣል፣ ይተልቃል፣ አልፎ ይቀራል። ስቲከሩ ግን አብሮ ይጓዛል፤ ሹፌሩ የፈለገውን ያህል ቢነዳ ለተሳፋሪው ዓይን ያለበት አይለወጥም። ልጅቷ በምትሠራበት አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የሚፈጠር ጽሑፍ ሁሉ ሲወለድ ስቲከር ነው። ታፔላ የሚሆነው ከሌየሩ ስም በስተቀኝ ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች መካከል የሳጥን ቅርጽ ያላት ስትነካ ነው። ያን ጊዜ ስፋትና ቁመት ብቻ የነበረው ሌየር ጥልቀት ያገኛል፤ ከኤክስና ከዋይ ቀጥሎ ዜድ የሚባል ሦስተኛ ቁጥር ይጨመርለታል፤ ካሜራውም ያየዋል። ኮምፖዚሽኑ ውስጥ ሳጥኑ የበራ ሌየር ከሌለ፣ ካሜራ ሲፈጠር ፕሮግራሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። እዚህ ግን የፎቶዎቹ ሳጥን ሁሉ በርቷል። ስለዚህ ዝም አለ።

ጥንት ካሜራው ጽሑፉን ያየዋል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳበት መንገድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም መክፈቻ ላይ ወደ ጠፈሩ ጥልቀት የሚሄደው ረጅም ጽሑፍ የእውነት ዕቃ ነበር፦ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 1.8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ሰሌዳ። ካሜራው በላዩ ቀስ እያለ ሄደበት። ወለል ላይ የተኛ ነገር ጥልቀት እንዲኖረው ምልክት መንካት አያስፈልገውም፤ የሩቁ ጫፍ በራሱ ይጠባል፣ የቅርቡ ይሰፋል። አፍተር ኢፌክትስ ግን ያደገው በተቃራኒው ነው። ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ የነበረው ኮሳ የሚባል ትንሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው ሌየሮቹ በሙሉ ስቲከር ነበሩ። ፕሮግራሙ ወደ አልደስ፣ በ1994 ደግሞ ወደ አዶቢ ተሻገረ። ካሜራ የመጣው በ2001 በአምስተኛው ስሪት ነው። ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሌየር የሆነው ከዚያም በኋላ፣ በ2003 በስድስተኛው ስሪት፤ ቀድሞ በሌላ ሌየር ላይ እንደ ኢፌክት የሚጫን ነገር ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው በጥልቀት መዞር የቻለው በ2007 ነው። ካሜራና ጽሑፍ በተለያየ ዘመን ግቢው ውስጥ የገቡ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው፤ ማስተዋወቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ሳጥኗን ነካች።

«ወይኔ፣ ጠፋ!»

ጽሑፉ ጭራሽ ስክሪኑ ላይ የለም። ደስ አለኝ፤ መጥፋቱ ካሜራው ማየት መጀመሩን ያሳያልና። እዚህ ላይ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ያዋጣል። 1920 በ1080 በሆነ ኮምፖዚሽን ውስጥ የ50 ሚሊ ሜትር ካሜራ ሲፈጠር ዜድ ላይ የሚቆመው ከዜሮ ወደ እኛ 2666.7 ፒክስል መጥቶ ነው፤ ማለትም በነጌቲቭ 2666.7። ከሌንሱ በዚህ ርቀት ላይ ያለ ሌየር በልኩ ይታያል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑ በግማሽ ያንሳል፤ በልኩ እንዲታይ ከተፈለገ ስኬሉ 200 በመቶ መሆን አለበት። ልጅቷ ፎቶዎቹን 1000፣ 2000ና 3000 ላይ አስቀምጣ ካሜራውን እስከ 4000 ነድታዋለች። ጽሑፉ ግን የተወለደበት ዜሮ ላይ ቀርቷል። ካሜራው ጉዞውን ሲጨርስ ጽሑፉ 4000 ፒክስል ከጀርባው ነው። ካሜራ ደግሞ ጀርባውን አያይም።

«ካሜራው የሚቆመው 4000 ላይ ነው። ጽሑፉ ከፊቱ በልኩ እንዲታይ ስንት ላይ ይቁም?» አልኳት።

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰች ደመረች። «6667 ገደማ።» ጻፈችው። ከካሜራው ጉዞ ማብቂያ ላይ «ልጄን ዳርኩ» ልክ በቦታው ወጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጽሑፉን በማውዝ እየጎተተ ይፈልገዋል። አላበረታታም። ጥልቀት በዓይን ግምት አይለካም፤ ስክሪኑ ራሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ግራ የጎተቱት የመሰላቸው ነገር ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ዕይታውን ከላይ ወይም ከጎን አድርጎ ካሜራውንና ሌየሮቹን እንደ ካርታ ማየት ይሻላል። ካርታውን አይተው ሲጨርሱ ግን ወደ አክቲቭ ካሜራ መመለስን አይርሱ። ሬንደር የሚወጣው በንቁው ካሜራ ዓይን ብቻ ነው፤ በሌላ ዕይታ ሲያስተካክሉ አድረው ጠዋት የወጣውን ፋይል «የእኔ ሥራ አይደለም» ያሉ አውቃለሁ። ካሜራው ከአንድ በላይ ከሆነ ታይምላይኑ ላይ ከላይ ያለው ያሸንፋል። የካሜራው ሌየር ደግሞ ከጽሑፉ ቀድሞ ካለቀ ዕይታው በድንገት ወደ መነሻው ይዘላል።

አንዱን ትልቅ ችግር ልጅቷ እኔ ሳልመጣ ፈትታዋለች። በተለምዶ የሚፈጠረው ካሜራ ሁለት ነጥብ አለው፦ የሚቆምበትና የሚያይበት። የሚቆምበትን ብቻ ካንቀሳቀሱት ዓይኑን ከአንድ ነገር ላይ እንደማይነቅል ሰው ይሆናል፤ የሚያየውን ነገር አልፎ ሲሄድ ዞሮ ወደ ኋላ ያየዋል። ተመልካቹ መሀል መንገድ ላይ ዓለም ስትገለበጥ ይታየዋል። እሷ ናል የሚባለውን የማይታይ ሌየር ፈጥራ፣ እሱንም ጥልቀት ሰጥታ ካሜራውን አሰረችበት፤ አሁን የምታንቀሳቅሰው ናሉን ነው፣ ሁለቱ ነጥቦችም አብረው ይሄዳሉ። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት «ሲገለበጥብኝ ሲገለበጥብኝ ገባኝ» አለች።

ጽሑፉ ተገኘ፤ ነገር ግን ፎቶዎቹን አልፎ መታየት ያለበት ገና ከመጀመሪያው በፎቶዎቹ ላይ ተደርቦ ይታያል። 6667 ላይ ያለ ታፔላ 1000 ላይ ያለን ፎቶ እንዴት ይጋርዳል? ታይምላይኑን ወደ ታች ስናይ ከጽሑፉ በታች፣ ከፎቶዎቹ በላይ የብርሃን ብልጭታ የያዘ አንድ ጠፍጣፋ ሌየር ተኝቷል። አፍተር ኢፌክትስ ጥልቀት ያላቸውን ሌየሮች በርቀታቸው የሚያስቀድመው አጠገብ ላጠገብ ሲሆኑ ነው። በመካከላቸው ስቲከር ከገባ ሰልፉ ለሁለት ይቆረጣል፤ ከላይ ያለው ወገን ርቀቱ ምንም ይሁን ምን ከታች ባለው ላይ ይደረባል። ጥላና መጠላለፍም በሁለቱ ወገን መካከል ይቋረጣሉ። የኤዲተሩን ትዕግሥት የሚጨርሰው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ያለው ጽሑፉ ላይም ካሜራው ላይም ሳይሆን ማንም በማይጠረጥረው ሦስተኛ ሌየር ላይ ነው። ብልጭታውን ከሁሉም በላይ አወጣችው። ጽሑፉ ከፎቶዎቹ ኋላ ገብቶ ተሸሸገ፣ ፎቶዎቹ ሲያልፉም ተገለጠ።

ቡና ተፈላ። የሕንፃው ጥበቃ የበሩን መዝጊያ ሰዓት ሊነግረን መጥቶ አንድ ስኒ ይዞ ተመለሰ።

ከቡናው በኋላ «ልጄን» የሚለውን ትንሽ ወደ ፊት፣ «ዳርኩ» የሚለውን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋ ሁለቱን ቃል በርቀት መለያየት ፈለገች። ሁለት ሌየር አደረገቻቸውና እንዳይበታተኑ ፕሪኮምፕ ውስጥ ከተተቻቸው። ወዲያው ርቀታቸው ጠፋ፤ ሲተልቁም ጠርዛቸው ደበዘዘ። ፕሪኮምፕ ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ፎቶ አንስቶ አንድ ወረቀት ላይ እንደመለጠፍ ነው፤ ውስጥ የነበረው ጥልቀት ወረቀቱ ላይ አብሮ ይተኛል። ጽሑፍ በባሕርዩ የቱንም ያህል ቢተልቅ ስል ሆኖ ይቆያል፤ ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ፎቶ ይሳሳል። መፍትሔው ፕሪኮምፑ ላይ ያለችው የፀሐይ ምልክት ናት። እሷ ስትበራ የውጭው ካሜራ ወረቀቱን አልፎ ውስጥ ያሉትን ሌየሮች እያንዳንዳቸውን ባሉበት ርቀት ያያቸዋል። ፕሪኮምፑ ላይ ማስክ ወይም ኢፌክት ካለ ግን ነገሩ እንደገና ይጠፈጠፋል፤ የደመቀ ጠርዝ ያማራት እንደሆነ ኢፌክቱን ውስጥ ባሉት ጽሑፎች ላይ ማድረግ ይኖርባታል።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ቋንቋ ለሚሠራ ኤዲተር ይሆናል። የሚቀጥለው የእኛ ነው።

ካሜራው እንደ ፊልም ካሜራ እንዲመስልላት የፎከስ ጥልቀቱን አብርታው ነበር፤ የቀረበው ጥርት፣ የራቀው ድብዝዝ ይላል። ሲታይ ያምራል። አጫወተችው። ጽሑፉ በስሱ እንደደበዘዘ ቆመ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ያነበብኩት «ልጁን ዳርኩ» ብሎ ነው።

«ጄ ነው እኮ ጋሼ» አለችኝ።

«አንቺ ስለጻፍሽው ጄ ነው። ለእኔ ጁ ነው።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። የጀ ካዕብ ከጎኑ በምትወጣ አጭር ጭረት፣ ኃምሱ ከእግሩ በተንጠለጠለች ቀለበት ይለያል። ሁለቱም የፊደሉ ጥግ ላይ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ብዥታ መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ጥቃቅኑን ነው፤ ቀለበቷ ውስጥ ያለችው ነጭ ቀዳዳ ተደፈነች፣ ቀለበቷም ጭረት መሰለች። ላቲን የሚጽፍ ሰው ከቃሉ አንድ አናባቢ ቢደበዝዝበት አናባቢው ራሱን የቻለ ሙሉ ፊደል ስለሆነ በግምት ይደርስበታል። የእኛ አናባቢ ግን በተነባቢው ላይ የተተከለች ጭረት፣ ቀለበት ወይም የታጠፈች እግር ናት። እሷ ስትጠፋ የሚጠፋው ውበት ብቻ አይደለም፤ እናትየዋ የዳሩት የራሳቸው ልጅ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ሰው ይሆናል። በሁለት ቃል ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፣ ይህን ቃል ለዓመታት ሲጠብቁ ለኖሩ እናት ደግሞ ከዚያም በላይ።

ካሜራውና ጽሑፉ አንድ ላይ ሲመረጡ ከሌየር ሜኑ፣ ካሜራ በሚለው ሥር፣ የፎከስ ርቀቱን ከሌየር ጋር የሚያስር ትእዛዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ቢሄድ ቢመጣ ጽሑፉ ከጥራት አይወጣም፤ ሌላው ዓለም እንዳሻው ይደበዝዛል። እኔ ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። የአማርኛ ጽሑፍ በሚነበብበት ቅጽበት ብዥታ ጨርሶ እንዳይደርስበት አደርጋለሁ። ለመግቢያና ለመውጫ ይሁን፤ ዓይን በሚያነብበት ጊዜ ግን አይሆንም።

ውፍረትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ልጅቷ ጽሑፉን ለማድመቅ ፕሮግራሙ በራሱ የሚያወፍርበትን ቁልፍ ተጭናለች። ይህ ቁልፍ የፊደሉን መስመር ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ያሳብጠዋል፤ እንደ ጨ እና እንደ ሠ ባሉት እግረ ብዙ ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ የጄ ቀለበትም ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ ዘጠኝ ውፍረት ስላለው ደማቁን ከራሱ ከፎንቱ መምረጥ ይቻላል። ፊደል ቀራጩ አስቦበት ያወፈረውና ማሽን ያሳበጠው አንድ አይደሉም፤ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላትና ልዩነቱን ራሷ አየችው።

ይህን ስንል ያለፈ ሳምንት የደረሰባትን ነገረችኝ። ከሌላ ስቱዲዮ የመጣ አሮጌ ፕሮጀክት ስትከፍት የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ጠበቃት፤ ፋይሉ የተበላሸ መስሏት ነበር። አልተበላሸም። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ስሪቱ፣ በ345 ምልክት ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት የእኛ ሰው አማርኛ የጻፈው የላቲኑን ቦታ ለፊደል በሚያከራዩ ፎንቶች ነበር። ቦታው ደግሞ 256 ብቻ ስለሆነ ፊደላችን በአንድ ፎንት አይበቃም፤ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ይከፋፈላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ተጽፎ በአማርኛ ሥዕል መሸፈኑን ነው። ፎንቱ ከሌለ ሽፋኑ ይነሳል፣ ላቲኑም ይታያል። እንዲህ ያለውን በዩኒኮድ እንደገና ከመተየብ የሚሻል መላ አላገኘሁም። በምትኩ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ የተመረጠው ፎንት ፊደላችንን ስለማያውቅ ነው፣ ፎንት መቀየር ይበቃል። ፕሮጀክት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወሰድ ፋይሎችን የሚሰበስበው ትእዛዝ የፎንቶቹን ስም በዝርዝር ይጽፋል እንጂ ፎንቶቹን አይዝም፤ እነሱን በእጅ መጨመር ያስፈልጋል። አማራጩ የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ወደ ቅርጽ ሌየር መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ፎንት ባይኖርም ይታያል፣ ፊደል ማረም ግን አይቻልም። ስለዚህ የዋናውን ጽሑፍ ዕይታ ብቻ አጥፍቶ ሌየሩን ከታች ማስቀረት ደግ ነው።

አንድ ነገር ቀራት። ፊደሎቹ አንድ በአንድ እንዲገለጡ ያደረገችበት አኒሜሽን ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው፤ ለአንድ ፊደል ሁለት ፍሬም ይሰጣል። «ኢትዮጵያ» በላቲን ስምንት ፊደል፣ በእኛ አምስት ነው። በዚያ ስሌት የእንግሊዝኛው በ16 ፍሬም ሲወጣ የእኛው በ10 ያልቃል። ከዚህም በላይ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚመጣ ዓይን የሚቀበለው ይበልጣል። «ልጄን ዳርኩ» ስድስት ፊደል ነው። ለእያንዳንዱ አራት ፍሬም ሰጠነው፤ 24 ፍሬም፣ በ25 ፍሬም ስሌት አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ልክ በዝግታ ሲነገር የሚወስደውን ያህል ሆነ። ሬንደሩን ለቃ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከሠርግ ቤቱ ሥራ ተነጥቀው መጡ። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈልገው እስኪያወጡ ጠበቅናቸው። ፎቶዎቹ አለፉ። ጽሑፉ ከኋላቸው ወጣ፣ ቀረበ፣ ቆመ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው አነበቡት። «ልጄን ዳርኩ።» ጄዋን ጠበቅ አድርገው ነው ያሉት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ዝም አሉ።

«ምን ላስተካክል፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

«ቶሎ ሄደብኝ፣ ልጄ። ትንሽ አቆይልኝ።»

የካሜራውን የመጨረሻ ኪፍሬም ባለበት ትታ፣ የካሜራውንና የጽሑፉን ሌየር መጨረሻ 50 ፍሬም ወደ ቀኝ ሳበችና እንደገና ተጫወተ። እናትየዋ መነጽራቸውን አላወለቁም።